ለእንግዳ የጎዘጎዝኩት ሣር

ዓርብ ንጋት፣ ሬክስዴል፣ ካናዳ

ሳይነጋ ተነሣን። ልጄ ሮማን ቫኑን ትነዳለች፣ የልጅ ልጄ ሊያ ከኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባለች፣ እኔ ከፊት ነኝ። የሮማን ባል ጌታቸው ታክሲውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ሮማን ቀን ኢቶቢኮ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፣ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ሁለቱም ሥራ ባንድ ጊዜ ቫኬሽን ሲሰጧት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ሳምንት። ዐይኗ ሥር ጠቁሯል።

«አባዬ፣ እዚያ ደርሼ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

የምንሄደው ሁሮን ዳር ነው። ሐይቅ ይሉታል እንጂ ማዶው አይታይም፤ እኔ ባሕር ነው የምለው። ማረፊያው አካባቢን የማይጎዳ ነው አሉ። የሊያ አስተማሪ ናት የጠቆመቻቸው። ሮማን ቀይ መብራት ሲይዘን ሕጉን ትነግረኛለች። መኪና በር ላይ ይቀራል። ውሃው ውስጥ ሳሙና የለም። ቆሻሻችንን ይዘን እንመለሳለን። ኤሌክትሪክ የለም። ከዳርቻው ተክል የነቀለ በማግሥቱ ይሰናበታል።

«ቤት መብራት ሲጠፋ ታለቅሳላችሁ፣ እዚያ ጨለማ በገንዘባችሁ ትገዛላችሁ» አልኩ።

ሮማን ሳቀች። ሊያ ከብርድ ልብሱ ሥር «አባባ፣ ፕሊስ!» አለች።

ረፋድ፣ መንገድ

ከተማው ካለቀ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው። በቆሎ፣ ቀይ ጎተራ፣ የወፈሩ ላሞች፣ እንደገና በቆሎ። ሰው አይታይም። ይህን ሁሉ ማን እንደሚያርሰው አላየሁም።

አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር የተቀቀለ በቆሎ ይሸጣል፤ እሸቱ ባንድ ዶላር። ቅቤ ባልዲ ሙሉ አስቀምጧል። ሊነክርልኝ ሲል እጁን ያዝኩት። ፍልሰታ ነው፣ እንጾማለን። ሊያ አስረዳችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ያለ ቅቤ በቆሎ አይባልም አለ።»

«ያለ ጾም ሰው አይባልም በይው።»

አላለችውም። ልጅቷ ለሰው ታዝናለች።

ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

በሩ ላይ ዶሪስ የምትባል ሽበታም ሴት ተቀበለችን። ቦታውን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቁምጣ ለብሳለች፣ እግሯ ባዶ ነው። ሻንጣችንን በእጅ ጋሪ እየገፋች በአሸዋው መሐል ወሰደችን። ብዙ ተናገረች። ሊያ ግማሹን እንኳ አልተረጎመችልኝም፤ ዐይኗ ውሃው ላይ ነበር።

ቤቱ የእንጨት ጎጆ ነው። ጣሪያው ላይ ፀሐይ የምታሞቀው የውሃ በርሜል አለ። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፤ ሲጨርሱ አንድ ጣሳ ሰጋቱራ ይደፉበታል። አይሸትም። ይህን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። የሐይቁ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ንጹሕ ነው። አሸዋው ክምር ላይ ረዥም ሣር በመስመር በቅሏል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ወገን ያጎነብሳል።

ቅዳሜ

ሮማን አልተኛችም። እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ ብድግ ብላ ያልቆሸሸ ወለል ጠረገች። «ተኚ እንጂ» ስላት «እሺ» ትላለች፣ ከዚያ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ምድጃው እምቢ ብሏት ዶሪስ መጥታ አቀጣጠለችላት። ሮማንም ለእሑድ ምሳ ጠራቻት።

እሑድ

በእኛ ወግ የከበረ እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እነሮማን ሳይነሡ ወጣሁና ከአሸዋው ክምር ላይ ያን ሣር ነቀልኩ። ከነሥሩ ሳይታገለኝ መጣ። ሁለት ሸክም አመላልሼ ወለሉን አለበስኩት።

ሮማን ከሻወር ስትመለስ በሩ ላይ ደረቀች።

«አባዬ፣ ከየት ነው ይሄ?»

«ከደጅ ነዋ።»

«ነግሬዎት አልነበረም?»

«ሣርን ማን ይቆጥራል!»

ጠርጋ ልታወጣው መጥረጊያ ስታነሣ ዶሪስ ደረሰች። እጇ ላይ የእንጆሪ ሳህን ይዛለች። ወለሉን አየች። እግሯን አንሥታ መልሳ አወረደችው። እኔ ያፈረች መስሎኝ «ግቢ እንጂ፣ ለአንቺ እኮ ነው!» አልኩ። ፊቷ ቀላ።

ቀስ ብላ ተናገረች፣ ሊያም እየተንተባተበች ነገረችኝ። አሸዋውን ነፋስ እንዳይወስደው የያዘው ይህ ሣር ነው። እዚህ ያረፈ ቤተሰብ ሁሉ አንዳንድ ጭብጥ ተክሏል። የነቀለ ይሰናበታል፤ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። ነገ ጠዋት።

ሮማን አልተከራከረችም። «ምሳው ግን ደርሷል» አለች። ዶሪስ ሣሩን አልረግጥም ስላለች ደረጃው ላይ ተቀምጠን በላን። ሽሮውን ወደደችው። ከዚያ ሮማን ገብታ ሻንጣ ማውጣት ጀመረች። ልብስ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ይቅርታ መለመን አልወድም። ሊያን ይዤ ዶሪስ ዘንድ ሄድኩ።

«የነቀለው ማነው በያት።»

«አባባ፣ ታውቃለች እኮ።»

«በያት! እኔ ነኝ። እኔን ታሰናብት። እናትሽ ምንም አልነቀለችም፣ ትተኛ።»

ዶሪስ ሐይቁን አየች፤ ከዚያ እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የምሰናበተው እኔ ብቻ ሆንኩ። ሣሩን ሰብስበን ወደ ክምሩ መለስነውና ሥሩን አሸዋ አለበስነው። ይያዝ አይያዝ አላውቅም። ሮማን «አብረን እንመለሳለን» ብላ ተነሣችብኝ። «ከተመለስሽ አላናግርሽም» አልኳት። እንደማደርገው ታውቃለች።

ሰኞ፣ መመለሻ

ዶሪስ በራሷ መኪና አውቶቡስ ድረስ ወሰደችኝ። ስንለያይ ሶሪ አለች። እኔም ሶሪ አልኩ። ካናዳ ውስጥ ይህች ቃል ለሁሉም ትበቃለች። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነበር። እንደገና በቆሎ፣ እንደገና ቀይ ጎተራ።

ጌታቸው በሩን ከፍቶ አፈጠጠብኝ። «አባባ! ምነው ብቻዎን? ተጣላችሁ እንዴ?»

«ሣር ነቅዬ ተባረርኩ።»

እስኪያስለው ሳቀ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ ሬክስዴል

እኩለ ቀን ላይ ስልክ ጮኸ። ሊያ ናት፤ ከዶሪስ ቢሮ ነው የደወለችው።

«አባባ፣ ሣሩ ጥቂቱ ቆሟል። ሌላው ደርቋል።»

«እሺ። እናትሽን አቅርቢልኝ።»

«ማሚ? ተኝታለች። አሸዋው ላይ፣ ኮፍያ ፊቷ ላይ አድርጋ።»

«በዚህ በጠራራ ፀሐይ?»

«ከቁርስ ጀምሮ። ልቀስቅሳት?»

«እንዳትነኪያት» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።