ቤት የማይሠራበት መሬት

ጀይሉ የእህቱን ቤት ያፈረሰው በገዛ እጁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን እየነቀለ ሲያወርድ የቀበሌው ሰው ቆሞ አይቶታል። እህቱ ኡምኩልሱም ግን አላየችም፤ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ይዛ ወንዝ ወርዳ ነበር።

ከከሚሴ ዝቅ ብሎ ቦርከናን ተከትሎ ያለው የጨፋ ሜዳ እርሻ የሰመረለት ነው። ማሽላ ቢዘሩበት ማሽላ፣ ጤፍ ቢዘሩበት ጤፍ፣ ውሃ ከተገኘ ደግሞ ማሾና ሽንኩርት ያበቅላል። መሬት ተለክቶ ለየባለይዞታው ደብተር በተሰጠ ጊዜ፣ የመስኖው ቦይ የሚደርስበት ሜዳ በሙሉ ለእርሻ ብቻ ተብሎ ተከለለ። ቤት አይሠራበትም፤ ባሕር ዛፍም አይተከልበትም። ይህን የሚያስከብር ከገበሬው መሀል አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሰብሳቢው ጀይሉ ሆነ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ ጽሕፈቱ ይነበባል። ከዚያም በላይ በሰው ድንበር አንድ ትልም እንኳ ገፍቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

ኡምኩልሱም በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች። ሰንበቴ ከተማ ተድራ ባሏ ሲሞትባት ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። ከአባታቸው የደረሳት መሬት ከጀይሉ ማሳ አጠገብ ነበርና እዳሩ ላይ ሁለት ክፍል ቤት አቆመች። ገና ምሰሶው ሲቆም ነግሯት ነበር።

"እቴ፣ ይህ መሬት ቤት አይሠራበትም።"

"ወንድሜ ሰብሳቢ ሆኖ ማን ይነካኛል?" አለችና ማሠራቷን ቀጠለች።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከአባላቱ አንዱ፣ ጎረቤቱ ፈረጅ ተነሣ። ፈረጅ ባለፈው ዓመት ለልጁ ለጀሚል ቤት ሊሠራለት መሠረት ቆፍሮ በኮሚቴው ትእዛዝ መልሶ ደፍኗል።

"የኔን ልጅ አስቁማችሁ የሰብሳቢውን እህት ልታሳልፉ ነው?" አለ።

ጀይሉ በማግሥቱ መሰላል ተውሶ ሄደ።

ኡምኩልሱም ከልጆቿ ጋር የሱ ጓዳ ገባች። "ለአንድ ክረምት ነው" ተባለ፤ ስምንት ዓመት ሆነ። መንደሩ ጠቦ ተጨማሪ ቤት ማቆሚያ የለም። ከሚሴ ሄዳ ቦታ ስትጠይቅ "የገጠር ይዞታ አለሽ፣ የከተማ አይገባሽም" አሏት። ሁለቱም ልጆቿ ተድረው የወጡት ከዚያችው ጓዳ ነው። የጀይሉ ሚስት ዘሊካ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ሁለት ሴት በአንድ ምድጃ ሲሆኑ ድስቱም ያጣላል። አንዷ ጨው ስትጨምር ሌላዋ ቀምሳ ውሃ ትጨምራለች። የፈረሰው ቤት ቆርቆሮ ከጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ዛገ። ዘሊካ ለበሬዎቹ ጥላ ላድርገው ብትለው ጀይሉ "የሷ ነው" ብሎ ከለከላት። ኡምኩልሱም ስለ ቤቱ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ጀይሉን ያስጨነቀው ይኸው ዝምታዋ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ባለሙያ በመኪና መጣ። ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት ተጠርቶ የሕፃናቱ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ባለሙያው ሜዳው ላይ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እንደሚተከል፣ ጭስም ድምፅም እንደሌለው፣ ተነሺዎች ካሳና ከሚሴ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚያገኙ አስረዳ።

ጀይሉ እጁን አወጣ። "ጌታው፣ ይህ መሬት ለእርሻ ብቻ ተብሎ የተከለለ ነው። ጋራው ሥር ድንጋያማው አለላችሁ። ፀሐይ እዚያም ትወጣለች።"

ሰው ሳቀ። ባለሙያውም ፈገግ አለ።

"አባቴ፣ ጋራው ተዳፋት ነው፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩም ይርቃል። ክለላው ደግሞ ተነሥቷል። የከለለው አካል ነው ያነሣው።"

"እኔ እኮ በዚያ ክለላ ቤት አፍርሻለሁ።"

ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ። "ያኔ ያደረጉት ልክ ነበር። አሁን የምናደርገውም ልክ ነው።"

የቀረው ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ መስማማቱን መፈረም ነበር። ሁለቱ አባላት እዚያው ፈረሙ። ፈረጅና ሌላው አንፈርምም አሉ። ወረቀቱ ጀይሉ ፊት ቀረ።

"ሦስት ቀን ስጡኝ" አለ።

ወዲያው ደጅ ላይ ባለሙያውን ተከትሎ "ከሰብሳቢነቱ ልልቀቅና ሌላ ሰው ይፈርም" ብሎ ለመነው። ባለሙያው በአክብሮት ትከሻውን ነካ አደረገው። "መልቀቅ መብትዎ ነው። ግን የጀመሩትን ጉዳይ ሳይቋጩ አይሆንም።"

በማግሥቱ ፈረጅ ማሳው ድረስ መጣ። አልተቀመጠም።

"እንዳትፈርም። ልጄን ቤት የከለከልኸው በዚህ መሬት ነው። እኔም ሕግ ነው ብዬ ዋጥኩት። ዛሬ ከፈረምህ ያ ሁሉ ሕግ አልነበረም ማለት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ወላሂ በል።"

ጀይሉ አልማለም። ፈረጅ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በዚያው ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኡምኩልሱም ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ፈርም" አለችው።

"እቴ፣ አንቺ ነሽ የምትይኝ?"

"እኔ ነኛ። ከሚሴ ቦታ ይሰጡኛል። በኔ ደጃፍ፣ በኔ ምድጃ ልሙት።"

"የአባታችን መሬት እኮ ነው።"

"አባታችን የሰጠኝ እንድኖርበት ነው። ኖርኩበት?" ድምጿ አልጨመረም። "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ስምንት ዓመት የሚስትህን ፊት እያየሁ ነው የምጎርሰው። አንድ ቀን ተናግሬህ አውቃለሁ? በዚያ እጅህ ወሰድህብኝ። በዚያው እጅህ መልስልኝ።"

"ማል ጎና" አለ ጀይሉ፣ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። ቢፈርም የቀበሌውን ሰው፣ ባይፈርም እህቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሊበድል ነው። ሦስቱን ቀን ማሳው ዳር ሲቀመጥ ዋለ። ዘሊካ የላከችለት ምሳ እንደተቋጠረ ይመለስ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሄዶ ፈረመ።

ካሳው በተሰጠ በወሩ ችካል ተተከለ። ቦዩ ተደፈነ፣ ብረቱ ቆመ፣ በላዩ ሰማያዊ መስታወቱ ተዘረጋ፣ ዙሪያውን ሽቦ ታጠረ። ጀይሉን የጎዳው ግን ያላሰበው ነገር ነው። የሱ ማሳ ከወንዙ ጋር ስለሚያያዝና ነሐሴ ላይ ውሃ ስለሚተኛበት መሐንዲሶቹ ተዉት። ይዞታቸውን ያጡት ሰዎች "የራሱን አትርፎ የኛን ፈረመበት" አሉ። ጀይሉ ይህን ሲሰማ ዋናው መሐንዲስ ዘንድ ሮጦ "የኔንም አስገቡት" ብሎ ለመነ።

"ውሃ በሚተኛበት ብረት አንተክልም" አለው።

ማሳው በሦስት በኩል በሽቦ፣ በአራተኛው በወንዝ ተዘግቶ ቀረ። መግቢያው በጣቢያው በር በኩል ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለውን መሬት ምርቱን እኩል ተካፍሎ የሚያርስለት ሰው አላገኘም። ትቶት እንዳይሄድ ደግሞ ጦም ያደረ መሬት ይነጠቃል።

ኡምኩልሱም ከሚሴ ቤቷን ሠራች። ሁለት ክፍል ነው፣ በሩ ወደ መንገዱ የዞረ። በገባች በሳምንቱ መጥታ "ናና እኔ ዘንድ ኑር፣ ዘሊካንም አምጣት" አለችው። ዘሊካ ሳቀች። ጀይሉ "ማሳውስ?" አለ፣ ንግግሩም እዚያው አበቃ።

መንደርተኛው ሰላምታ ነፈገው። መስጊድ ሲገባ ሰዉ ይጠጋለታል፣ ሲወጣ ግን አብሮት የሚራመድ የለም። በ2009 አንዱ በሬው እግሩ ተሰብሮ ሲታረድ፣ እንደ ወጉ ጎረቤት መጥቶ ሥጋውን ሊከፋፈልለት ይገባ ነበር። የመጣ ግን አልነበረም። ሥጋውን በባጃጅ ጭኖ ከሚሴ ወስዶ ሸጠው፤ በምትኩም ሌላ በሬ ገዛ።

የጣቢያው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው ጀሚል ነው፣ ያ መሠረቱ የተደፈነበት የፈረጅ ልጅ። በየቀኑ መዝገብ ይዞ ይጠብቀዋል።

"ስም?"

"አታውቀኝም እንዴ ልጄ?"

"ይጻፍ ተብሏል፣ ጋሼ።" ስሙንና የበሬዎቹን ቁጥር ይጽፋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፋል።

በ2010 መስከረም አንድ ቀን ጀይሉ የተኛውን ውሃ ወደ ወንዙ ሲያፋስስ ሰዓቱ አለፈው። በሬዎቹን እየነዳ በር ሲደርስ ተቆልፏል፤ ጀሚል የለም። ተጣራ። በአንድ በኩል ረድፍ ረድፉን የቆመው መስታወት፣ በሌላው ሽቦ፤ ከሽቦው ማዶ የማሽላ እርሻ ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እየሰሙት ዝም አሉ። ሽቦውን ይዞ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ባለፈው ዕድሜው እንባ የመጣበት ያን ዕለት ብቻ መሆኑን ለዘሊካ ነግሯታል።

በስተኋላ ፈረጅ በመንገዱ መጣ። አይቶት አለፈ፣ ጥቂት ሄዶ ቆመ፣ ተመለሰ።

"ጀሚል የዘገየበትን የአስር ሶላት ሊሰግድ ሄዶ ነው። ልጥራልህ" አለ።

"ጀዛከላህ።"

ፈረጅ አልሄደም። በስልኩ ደወለና ሽቦው ጥግ ቁጢጥ አለ። ጀይሉም ከውስጥ በኩል ቁጢጥ አለ። በሬዎቹ ከብረቱ ሥር የበቀለውን ሣር ይግጣሉ።

"እህትህ ደኅና ናት?" አለ ፈረጅ።

"አልሐምዱሊላህ። ቤቷን ሠራች።"

"ሰምቻለሁ።" ፈረጅ መሬቱን በበትሩ ቧጠጠ። "እኔ አልፈርምም ያልኩት ስለ ሕጉ ብቻ አልነበረም። አንተን በልጄ ቂም ይዤህ ነው።"

ጀይሉ "አፉ በለኝ" ሊለው አፉን ሲከፍት ጀሚል እየሮጠ ደረሰ። በሩን ከፈተ፣ መዝገቡን አወጣና የወጣበትን ሰዓት ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ፈረጅ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል። ቤቱ ግን አልመጣም፤ ሌሎቹም እንደነበሩ ናቸው። ጀይሉ ያንን ማሳ ዛሬም ያርሳል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከሚሴ ሄዶ እህቱ ዘንድ ምሳ ይበላል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሬዎቹን ለማውጣት ግን ቶሎ ይነሣል።