ለአንድ መንገድ አንድ ስም

እናቴ ዛሬ በሰው ፊት አለቀሰች። እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

እዚህ እስራኤል፣ ኦሺዮት በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከቤታችን ጀርባ ስም የሌላት መንገድ አለች። ኢሪያው፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ በሱዳን በኩል ሲመጡ ካለቁት ወገኖቻችን የአንዱን ስም እንድንሰጣት ጠየቀን። አንድ ስም ብቻ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰበሰብን፤ ሁሉም የየራሱን ሟች ስም ይዞ መጣ። (ተሰብስበን ሳንጨቃጨቅ የተበተንንበት ቀን ካለ አስታውሱኝ።)

ዛሬ ግን ማንም አልተጨቃጨቀም። አባ ታከለ "ከሙት ሙት አይመረጥም" አሉና ስሙ የሚሞላበትን የኢሪያውን ፎርም ባዶውን መለሱት። እናቴ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ "አንቺ የማንን ስም ይዘሽ ነበር?" አልኳት።

"የእህትሽን። መንገድ ዳር ቀብሬያት ስሄድ ድንጋይ እንኳን አላቆምኩላትም።"

እናንተስ፣ እንደኛ የተጠየቃችሁ፣ በየሰፈራችሁ ማንን ጻፋችሁ? ማንንስ ተዋችሁ?