ኤኔይዳ ያልፈረመችው ማስጠንቀቂያ

ኤኔይዳ ኮባስ በኩባዋ ከተማ በፑንታ ሴካ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ስምንት አለቆች ተፈራርቀውባታል። ስምንተኛው ኦስማኒ ፍሪያስ ልጅ እግር ነው። ሰው አይሳደብም፣ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ግን ከበላይ የመጣች ወረቀት እጁ ከገባች ቃሏን እንደ ዳዊት ይደግማታል።

በዚያ ሰሞን በኩባ ምሥራቅ መብራት በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሄድ ነበር። አንድ ማለዳ ኦስማኒ መብራት ለመቆጠብ የወጣ መመሪያ ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከጠረጴዛው የሚነሣ ሁሉ፣ ለሽንትም ቢሆን፣ ኮምፒውተሩን ይዝጋ ይላል።

"ለሽንትም?" አለች ከኤኔይዳ ጎን የምትቀመጠው ሚልዲያ።

"ለሽንትም፣ ጓዲት።"

"እንግዲህ ውሃ መጠጣት ትተናል።"

ቢሮው ሳቀ። ኤኔይዳ አልሳቀችም። የእሷ አሮጌ ኮምፒውተር አንዴ ከተዘጋ እስኪከፈት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ በመስኮቱ ማዶ ደግሞ ሰው ተሰልፏል።

እስከዚያ ድረስ ሌሎቹ ሲነሡ ማሽኑን የሚተዉት እያሸለበ ነበር። ስክሪኑ ይጠፋል፣ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሲነኩት ወዲያው ይነቃል። ኤኔይዳ ይህንን ትጠላዋለች። እያሸለበም ቢሆን መብራት መላሱን አይተውም፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ያልተቀመጠው ሥራ ድራሹ ይጠፋል። አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ስትተይብ የዋለችውን የጋብቻ መዝገብ እንዲሁ በልቶባታል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ታስተኛዋለች፤ ማሽኑ የተከፈተውን ገጽ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ጽፎ ይይዝና ድብን ብሎ ይተኛል። መብራት አይፈልግም። ሲቀሰቅሱት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያቆመችበት መስመር ላይ ይመልሳታል።

መመሪያው በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናቷን ልታበላ ቤቷ ደርሳ ስትመለስ ኦስማኒ ጠረጴዛዋ ዘንድ ቆሟል። ቁልፉን ተጫነች። ትንሽ ቆይቶ ገጹ እንዳለ ብቅ አለ።

"አልዘጉትም" አለ ኦስማኒ።

"ተኝቶ ነበር። ቅንጣት መብራት አልበላም።"

"መመሪያው ይዘጋ ነው የሚለው፣ ጓዲት ኤኔይዳ። ይተኛ አይልም።"

ኤኔይዳ ማሽኑን መልሳ አስተኛችው። ጸጥ እስኪል ጠበቀች፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችና ጫፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"በል ልጄ፣ በምኑ ነው የሚበላው?"

ከዚያ ሰካችው፣ ቀሰቀሰችው። ገጹ እዚያው ነበር። በሰልፉ ፊት የቆመው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተመላለሰው፣ አንገቱን በመስኮቱ አሰገገ።

"ጓድ አለቃ፣ እኔን እዚህ ገትረህ የምታተርፈው መብራት ካለ ቤቴ ላክልኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ነው።"

ኦስማኒ ፊቱ ቀላ። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አመጣላት። ኤኔይዳ ሁለቴ አነበበችው፣ ሁለት የፊደል ስሕተት በብዕሯ አረመችና ሳትፈርም መለሰችለት።

"ካልፈረሙ ስብሰባ ይጠራል።"

"ይጠራ። ገመዱን ይዤ እመጣለሁ።"

የሠራተኛው ስብሰባ ግቢው ውስጥ ተጠራ። ኤኔይዳ ገመዱን ይዛ መሐል ቆመች።

"መብራት አባክነሻል ካላችሁኝ አሳዩኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ። ጥፋቴ ቃሉን አለመድገሜ ከሆነ ግን አልፈርምም። ነገም እንዲሁ አስተኛዋለሁ።"

ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልተቃወማትም። ሲበተኑ ሚልዲያ ክንዷን ያዘችና "እንዴት እንደሚተኛ አሳዪኝ" አለቻት በሹክሹክታ። በሳምንቱ ቢሮው በሙሉ ማሽኑን ማስተኛት ጀመረ። ኦስማኒ እያየ ያልፋል፤ መመሪያውን ግን ከግድግዳው አላወረደም፣ ማስጠንቀቂያዋንም ከፋይሏ አላወጣም።

በዓመቱ መጨረሻ የተመሰገኑ ሠራተኞች ዝርዝር ሲለጠፍ የእሷ ስም አልነበረበትም። ኤኔይዳ ሄዳ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ተመልሳ መስኮቷን ከፈተችና "ባለተራ" ብላ ጠራች።