የስርጉት ሊንክ እና ሃያ ፐርሰንቱ

ስርጉት ይስማው ቢቸና ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ጽሑፍ ላይ ቀልድ አታውቅም። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎደለ ብላ ባለጉዳዩን ከዳኛው በር ላይ ጠርታ የመለሰች ሴት ናት።

ባለፈው ዓመት አንድ የኢንተርኔት ሱቅ የሶላር መብራት እያስተዋወቀች ኮሚሽን እንድታገኝ መዘገባት። ሱቁ የራሷ መለያ ያለበት ሊንክ ይሰጣታል፤ ሰው በዚያ ሊንክ ገብቶ ከገዛ ሽያጩ በእሷ ስም ይያዛል። መለያ ምረጪ ሲሏት በአማርኛ «ስርጉት ቢቸና» ብላ ጻፈች። ሊንኩ ሲመጣ ግን ስሟ የለም። በቦታው የፐርሰንት ምልክት፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ተደበላልቆ አንድ ክንድ ያህል ተጎትቷል፤ መሐሉ ላይ «%20» የሚል አለ። ቅር ቢላትም በቴሌግራም ለቀቀችው።

በማግስቱ ሞጣ ልብስ የምትነግደው የአክስቷ ልጅ ወይንእሸት ደወለች። የሞጣን ሴቶች አስተባብራ መብራት ልታስገዛ ቃል የገባችው እሷ ነበረች።

«አንቺ፣ ሃያ ፐርሰንት ትወስጃለሽ እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ሊንክሽ ላይ ተጽፎ! ሴቶቹ አነበቡት። አንዷማ ‹ቢያንስ አልደበቀችንም› አለች።»

ስርጉት ክው አለች። የለመደችውን አደረገች፤ አረመች። «%20» የሚለውን አጥፍታ ሊንኩን መልሳ ላከች። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ዘጠኝ መብራት ታዘዘ፣ ሞጣም ደረሰ። በስርጉት ስም የተያዘ ሽያጭ ግን አንድም አልነበረም። ሱቁ ጋ ስትደውል «በእርስዎ መለያ የገባ ሰው የለም» አሏት።

ብስጭት ብላ ሁለቱንም ሊንክ አትማ ሞጣ ወረደች። ያረፈችው አጎቷ ዘንድ ነው፤ መሪጌታ ሣህለ ማርያም የቅኔ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ወረቀት ትክ ብለው አዩት።

«ይህን ማን አዜመው? ምልክቱ ከፊደሉ በዝቷል።»

«ስሜ ነው አሉኝ፣ የኔታ።»

መሪጌታ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ስምሽ አራት ፊደል ነው። ከዚህ እስከ ሃያው ድረስ ደግሞ በዚህ ምልክት የተከፋፈለ አሥራ ሁለት ቁራጭ አለ። ለአንድ ፊደል ሦስት ሦስት ማለት ነው። እይ፣ ሦስት ሦስቱ ሁሉ በዚችው በእንግሊዝኛዋ ኢ እና በአንድ ቁጥር ይጀምራል።»

ከሃያው ቀጥሎ ያለውንም ቆጠሩ፤ ዘጠኝ። «ቢቸና ሦስት ፊደል። ልክ ነው!»

«ታዲያ መሐሉ ላይ ያለው ሃያስ?»

«በስምሽና በቢቸና መሐል ምን ጽፈሽ ነበር?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ምንም ማለት እሱ ነው!»

ስርጉት አላመነችም። ስልኳን አውጥታ ኢንተርኔት ላይ «ር»ን ብቻ ፈለገችና አድራሻውን ገልብጣ አየችው፤ ያው ከስሟ ውስጥ ያሉት ሦስት ቁራጮች ቁጭ ብለዋል። አድራሻው ፊደላችንንም ክፍተቱንም እንዳለ ስለማይሸከም እየለወጠ ነው የሚያስቀምጠው። ሃያውን ስትሰርዝ ስርጉትና ቢቸና ተጣብቀው ማንም ያልመዘገበው ሌላ ሰው ሆነዋል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ስንቱን ባለጉዳይ ክፍተት ጎደለ ብዬ አመላልሻለሁ፣ የኔታ!»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የመጀመሪያውን ሊንክ «ሃያው ክፍተት ነው፣ ክፍያ አይደለም» ከሚል ማስታወሻ ጋር እንደገና ለቀቀች። ወይንእሸት ለሴቶቹ ስታነብላቸው አንዷ «ለባዶው ሃያ ከሆነ ለፊደሉማ ስንት ልትጠይቀን ነው?» አለች።

ስርጉት ተስፋ ቆርጣ መለያዋን በእንግሊዝኛ ፊደል አስቀየረች። ሊንኩ አጠረ፣ አማረ። የሞጣ ሴቶች ግን ጭራሽ አልነኩትም፤ «የስርጉት ረጅም ነው፣ ይሄ የአጭበርባሪ ነው» ብለው እርስ በርስ ተመካከሩ። ሱቁን ለምና የድሮውን አስመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመርጡለ ማርያም አምስት መብራት ታዘዘ፤ አምስቱም በስሟ ተያዙ። ማን እንዳዘዘ፣ ሃያውንም ምን ብሎ እንደተረዳው አልጠየቀችም። ክፍሏን ቆልፋ ምሳዋን ልትበላ ሄደች።