ጣሪያው ላይ የቀረው ሽቦ

በሦስት ቀን ውስጥ ይነሳ አሉኝ። አላነሳሁትም።

ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ያለው የሕንፃችን ጣሪያ በሳተላይት ሳህንና በውሃ ማሞቂያ የተሞላ ነው። ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። እኔ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥቼ፣ አራት ማዕዘን የሽቦ አንቴና በቀርከሃ ወጥሬ ስሰቅል ግን ጎረቤቶቼን ጣሪያው የጋራ መሆኑ በድንገት ትዝ አላቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ጥፋት ነበረብኝ። በሬዲዮ በተናገርኩ ቁጥር ከጣሪያው ሥር ያለችው ጎረቤቴ ድምፅ ማጉያ ያጉረመርም ነበር። ሬዲዮውና ወደ አንቴናው የሚወጣው ገመድ በኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ ሃምሳ ኦም ናቸው፤ የአንቴናው ሽቦ ግን ከመቶ ኦም ያልፋል። በቀጥታ ሲገናኙ ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከፊሉም በገመዱ የላይኛው ልባስ ላይ ወርዶ ሰው ቤት ይገባል።

የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር የሦስት ቀኑን ደብዳቤ የቤቴ በር ላይ ሲለጥፍ አገኘሁት።

"ወይ አንሳው፣ ወይ ተክናይ አስተካክሎት ይፈርም" አለኝ በዕብራይስጥ፣ ባለሙያ ማለቱ ነው። "አንተ ወደብ በር ላይ ዘበኛ ነህ። ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም።"

"ቤሰደር" አልኩት። እሺ ማለቴ ነው፤ ደሜ ግን ፈላ። ወታደር ሳለሁም ሬዲዮ ክፍል ልግባ ብል፣ ላንተ ጥበቃ ይሻልሃል ብለው መልሰውኝ ነበር። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ዝም አልልም።

መላውን አውቀዋለሁ። በገመዱና በአንቴናው መሀል የሞገዱን ርዝመት ሩብ የሚያህል ሰባ አምስት ኦም ገመድ ማስገባት ነው፤ እሱ ደግሞ ያው የሳተላይት ሳህን ገመድ ነው፣ በየቤታችን ተርፎ የተቀመጠው። ሁለት ሜትር ከስልሳ አራት ሳንቲሜትር ቆርጬ አስገባሁ። የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው መለኪያ ግን አሻፈረኝ አለ።

ገመዱን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ ስነጫነጭ አባቴ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ጎንደር ሳሉ ሸማኔ ነበሩ።

"በምን ለካኸው?" አሉኝ።

"በሂሳብ ነው አባባ። ሞገዱ አየር ላይ ስንት እንደሚረዝም አስልቼ።"

"ገመዱ ውስጥ ያለው አየር ነው?"

"አይ፣ ፕላስቲክ ነው።"

"ጋቢ እንኳ ውሃ ሲነካው ያጥራል። ሸማኔ ይህን ሳያስብ አይቆርጥም። ያንተ ሞገድ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ እንዴት አያጥር?"

አፈርኩ። ለፈቃድ ፈተናው የሸመደድኩት ነገር ነበር፤ ሞገድ ገመድ ውስጥ ይዘገያል፣ ስለዚህም ያጥራል። በዚያ ገመድ ወደ ሰማንያ ሁለት በመቶ ይወርዳል። ሁለት ሜትር ከአሥራ ስድስት ሳንቲሜትር አድርጌ አሳጠርኩት። አንቴናው ሥር ደግሞ ዋናውን ገመድ ብዙ ዙር ጠቅልዬ አሰርኩ፤ በልባሱ የሚወርደውን እዚያው እንዲያግደው። መለኪያው ወደ አንድ ተጠጋ፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ደረጃውን እየሮጥኩ ወርጄ ለአባቴ ነገርኳቸው።

አርብ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሊፈትነኝ መጥቶ ከጎረቤቴ ሳሎን ተቀመጠ፤ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። እኔ ከቤቴ ሆኜ በሬዲዮ ጠራሁ፣ ደጋግሜ ጠራሁ። አንድ ጣሊያናዊ መለሰልኝ፤ ከእሱ ጋር ሰላምታ ስንለዋወጥ ቆየን። በመጨረሻ ጎረቤቴ በደረጃው ቁልቁል ጮኸች፦

"መቼ ነው የምትጀምረው?"

"ጨርሻለሁ!" አልኳት።

ሊቀመንበሩ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ ወረደ። "ተክናዩስ የት አለ?" አለ።

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ስም በሚለው ላይ የራሴን ጻፍኩ፣ ሥራ በሚለው ላይ ዘበኛ። ከሥሩ የአባቴን ስም ጨመርኩ፤ ሥራ፣ ሸማኔ። ፈረምኩ፣ አባቴም ፈረሙ።

አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝ። "ይሄ ተክናይ አይደለም።"

"ድምፅ ማጉያው ውስጥ ምን ሰማህ?"

"ምንም" አለ። ወረቀቱን መልሼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።