ባለቤት ያልመጣለት ጓዝ

መተማ ዮሐንስ ያለውን የአባቴን ቤት ልሸጥ ጓዳውን ስከፍት የታፈነ ጋቢ ሽታ ተቀበለኝ። ገዥው ቤቱን ባዶውን ስለሚፈልግ ቆራሌው አብሮኝ ቆሟል።

ልጅ ሳለሁ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች ጓዛቸውን እኛ ቤት በአደራ ያስቀምጡ ነበር። አንዳንዶቹ ዓመት አልፎም አልተመለሱም፤ ወባ በላቸው ተባለ። አንድ ቀን እናቴ መረራት።

«ሰዎቹ እኮ ሞተዋል! ልጆቼ መተኛ አጡ፤ ጓዙን ያውጡልኝ!»

አባቴ የላላ ቋጠሮ እያጠበቀ፣ «ማን ነገረሽ? የሚሞቱትስ እኔ ጓዛቸውን ያወጣሁ ዕለት ነው» አላት።

እኔ የገባኝ ለሞተ ሰው ቦታ ተለቆ በረንዳ ላይ ማደሬ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ ቆራሌው፣ ጓዳው ውስጥ እስካሁን የተከመሩትን ቋጠሮዎች እያየ።

«የኔ ነው፤ ጫነው» አልኩት።

በሚዛን ስዋሽ የኖርኩ ነጋዴ ነኝ፤ እንደዚች ቃል የመረረችኝ ግን የለችም።