ቀበቶ አሳሪዋ

እስራኤል አገር፣ ሽማግሌዎቹን ከክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ወደ ቀን መዋያ ቤታቸው በምታደርሰው ሚኒባስ ውስጥ የቀበቶ አሳሪዋን ስም የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «መላቫ» ይላታል፣ ረዳት ለማለት። ቢጫ ሰደርያዋን ሁልጊዜ እስከ አንገቷ ትቆልፋለች። ቀበቶ ስታስር መጀመሪያ የሰውን ነጠላ ትሰበስብና እንዳይጨማደድ በመዳፏ ታለሰልሰዋለች።

ዛሬ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እማማ ያለምወርቅ የረዳቷን ፊት ማየት አቃታቸው። ጎንደር የቀሩት እናቷ ማረፋቸውን ቄሱ ትናንት ለሽማግሌዎቹ ነግረዋል። መርዶ ግን መንገድ ላይ አይነገርም፤ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ዘመድ ተሰብስቦ እቤቷ ያረዳታል። እስከዚያ መኪናው ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ተቀምጧል።

«ምነው ዛሬ ጸጥ አላችሁ? አባ ውብነህ እንኳ ሹፌሩን አልተቆጡም» አለች።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አሉ አባ ውብነህ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

ሄርዝል ጎዳና ላይ መኪናው መብራት ይዞት ቆመ። እማማ ያለምወርቅ ዘንድ መጥታ ጎንበስ አለች፤ የታሰረውን ቀበቶ ፈትታ እንደገና አሰረችው።

«አይጨነቁ እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ የምታወራ ይመስል። «ጎንደር ያለው ወንድሜ ስልክ ማንሳት ሲተው ገብቶኛል። ቤቱን ጠርጌ፣ ወንበር ከጎረቤት ተውሼ ነው የወጣሁ። ዘመዶቼ ሊያረዱኝ ሲመጡ ግን እንዳልሰማ ሰው እሆናለሁ፤ እንዳያፍሩ።»

ከዚያ «ቤሰደር፣ ያላ» አለችና፣ እሺ እንሂድ ለማለት፣ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።